መልስ ከመስጠቴ በፊት አፒንግተንን ልይ

ወደ አፒንግተን የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ሙራድ የሚባል ሰው ሽማግሌ ልኮ ነበርና፣ እሺ ወይም እምቢ ከማለቴ በፊት የሚኖርበትን ከተማ በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።

ሙራድን አውቀዋለሁ። አገር ቤት የሱም የእኔም ቤተሰብ አንድ ወረዳ ነው። ለሱቁ ዕቃ ሊሞላ ጆሃንስበርግ ሲመጣ ብርድ ልብስና ቦርሳ የሚያነሳው ጀፕ በሚባለው የገበያ ሰፈር ከሚገኘው ከአባቴ ሱቅ ስለሆነ ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። ዋጋ ሲከራከር ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሲሸነፍም ይስቃል። ስለ ሰውየው ጥያቄ አልነበረኝም። የከበደኝ ቦታው ነው። እኔ በሕፃንነቴ መጥቼ ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ያደግኩ፣ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ ልጅ ነኝ። አፒንግተን ደግሞ ካላሃሪ በረሃ ውስጥ፣ ከጆሃንስበርግ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ከተማ ነው። ስሙን ያነሳሁለት ሰው ሁሉ ወይ ስለ ሙቀቱ ወይ ስለ ወይን ጠጁ ያወራኛል።

ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ተቀምጠው ሳለ አባቴ ጠርቶ ሲጠይቀኝ፣ «ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ከተማውን አላውቀውም። አይቼው ልመልስ» አልኩ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሐጂ ሱሌይማን ጢማቸውን እየዳበሱ አባቴን አዩት፣ አባቴም አንገቱን ነቀነቀ። በኔ ቤት ተግባብተናል።

ቀጥሎ የመጣው የወግ ጣጣ ነው። ኒካህ ሳይታሰር እሱ ያለበት ከተማ ሄጄ ልሰነብት አይቻልም። መላውን ያገኘችው የአባቴ እህት ዘይነብ ናት። «እሱ ወደዚህ ይምጣ፣ እኛ ወደዚያ እንሂድ» አለች። እኔና አክስቴ የሱን ከተማ ስናይ፣ እሱ ጀፕ አባቴን እያገዘ እንዲቆይ ተስማሙ። ሁለታችንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እንድንጓዝ ተወሰነ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ መንገድ

ከፓርክ ስቴሽን የተነሳነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ትኬቱ ለአንድ ሰው ስድስት መቶ ራንድ ገደማ ነበር። አክስቴ የቋጠረችው ስንቅ ግማሹን አውቶብስ ይመግባል፦ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሁለት ፔርሙዝ ሻይ። መንገድ ላይ ሐላል አይገኝም ብላ ነው። ቬንተርስዶርፕ ሳንደርስ እንቁላሉ አለቀ፤ ከበላችው ይልቅ ለጎረቤት ያደለችው ይበዛል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት በቆሎ ናቸው። ግራም ቀኝም በቆሎ፣ መሃል ላይ ረጃጅም የእህል ጎተራ፣ ከዚያ እንደገና በቆሎ። ፍራይበርግ ስንቃረብ በቆሎው አልቆ የከብት አገር ገባን። አጥሩ ማለቂያ የለውም፣ ከብቱ ግን እዚህም እዚያም አንድ አንድ ነው። ኩሩማን ላይ አውቶብሱ ሠላሳ ደቂቃ ቆመ። ስወርድ ሙቀቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ በር ፊቴን መታኝ። ከነዳጅ ማደያው ሱቅ አንድ ትልቅ የቀዝቃዛ ውሃ ጠርሙስ ገዛን። አክስቴ ግማሹን ጠጥታ ግማሹን ሻሿ ላይ አፈሰሰች።

ከኩሩማን ወዲያ አፈሩ ቀላ። በመንገዱ ዳር የስልክ ምሰሶዎች ላይ የሣር ክምር የሚያካክል ነገር ተሰቅሏል። ከኋላችን የተቀመጠ ወጣት፣ ትናንሽ ወፎች በማኅበር የሚሠሩት ጎጆ መሆኑን ነገረን፤ በአንዱ ክምር ውስጥ ብዙ ቤተሰብ እንደሚኖር፣ ሁሉም የየራሱ በር እንዳለው። አክስቴ «ልክ እንደ ጀፕ ፎቅ» አለች። እውነቷን ነው፤ ጀፕም አንድ ፎቅ ውስጥ ሱቅ በሱቅ ላይ፣ በር በበር ላይ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ከፊታችን የእኛው ዓይነት አውቶብስ መጣ። ሹፌሮቹ መብራት አብርተው ሰላም ተባባሉ። ሙራድ በዚያ ቀን ወደ ጆሃንስበርግ ስለሚሄድ ውስጡ ሊኖር ይችላል ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ያየሁት የመጋረጃ ተርታ ብቻ ነው። አክስቴ እያንኮራፋች ነበር። እኔ አፈርኩ፣ ማንም ግን አላየኝም።

ወደ ማታ ገደማ፣ ያ ሁሉ ቡኒ ሜዳ ሳይታሰብ አረንጓዴ ሆነ። የኦሬንጅ ወንዝ ነው። ውሃው በቦይ ተስቦ በደረሰበት ሁሉ የወይን ተክል በሰልፍ ቆሟል፤ ውሃው ካልደረሰበት አንስቶ ደግሞ ድንጋይና አሸዋ ነው። በመካከላቸው ያለው ስፋት አንድ የመኪና መንገድ ብቻ። አክስቴ ነቅታ ለረጅም ጊዜ በመስኮት አየች፣ ከዚያም «ሱብሐነላህ» ብላ ጫማዋን ፈለገች።

ያደርንበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሊና የሚባሉ ስልሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ታኒ ሊና» ነው የሚላቸው፤ በአፍሪካንስ እንደ «እትዬ» ማለት ነው። ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ ዛፍ አለ፣ ከሥሩ ሁለት ያረጁ ወንበሮች። አጥራቸው ወገቤ ድረስ እንኳ አይደርስም። እንደ ጆሃንስበርግ አጥር ኤሌክትሪክ የተጠመደበት ሽቦ ፈልጌ አጣሁ።

ዓርብ፣ ጥላና ዘቢብ

በማለዳ ሙቀቱ ሳይበረታ ብቻዬን ወጣሁ። የከተማው መሃል በእግር ያልቃል። መንገዶቹ ሰፊ ናቸው፣ በዳርና በዳር ዛፍ፣ ሰውም መኪናም አይጣደፍም። አንድ መንገድ ላይ የቴምር ዛፎች በሁለት ተርታ ቆመው እስከ ወንዙ ይወርዳሉ። ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ግመል የተቀመጠ ሰው ሐውልት አለ፤ ድሮ ፖሊሱ በረሃውን የሚቃኘው በግመል ነበር አሉ። ለአንዲት መንገድ ጠራጊ እንደለመድኩት «ሳውቦና» ብዬ ሰላም ስላት «ኹየ ሞረ» ብላ በአፍሪካንስ መለሰችልኝ። በጆሃንስበርግ ከደንበኛ የለቀምኩት ዙሉ እዚህ ብዙም አይሠራም።

ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ፎቶ አንስቼ፣ ለአባቴ ልኬ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ስልኬን በእጄ እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ቀና ስል ሁለት ሰዎች ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ወደ እኔም አላዩም። ጆሃንስበርግ ውስጥ እንዲህ ስልክ ይዞ መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰው ዕድሜው አጭር ነው። ልቤ ቀለል አለኝ። ደስ አለኝ ብል ነው የሚሻለው።

ስመለስ አንድ ፋርማሲ አይቼ ገባሁ። የጉሮሮ ከረሜላ ገዛሁና ለፋርማሲስቷ ጆሃንስበርግ በሙያው እንደምሠራ ነገርኳት።

«አፍሪካንስ ትናገሪያለሽ?» አለችኝ።

«አልናገርም።»

«ሽማግሌዎቹ ደንበኞች በሌላ አያወሩሽም። ግን ይለመዳል። ረዳት እዚህ በቀላሉ አይገኝም፤ ወረቀትሽን ላኪልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ታኒ ሊና በባኪ፣ ማለትም በትንሿ የጭነት መኪናቸው፣ ወንድማቸው ወደሚሠራበት የወይን እርሻ ወሰዱን። አክስቴ የወይን አገር ሲሏት ሰው ሁሉ በየመንገዱ የሚንገዳገድ መስሏት ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት ያየነው ሰካራም አልነበረም፣ ይህም ትንሽ ቅር ያላት ይመስለኛል። መከር ላይ ነው የደረስነው። ጠጅ መጥመቂያው ለጎብኚ ክፍት ቢሆንም እኛ በሩ ጋ አልፈን ወደ ዘቢቡ ሄድን። ከወይኑ ብዙው የሚሆነው ዘቢብ ነው። ፍሬው ሜዳ በሚያክል የሲሚንቶ ወለል ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ያየዋል፤ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡኒ። ሴቶች ጎንበስ ቀና እያሉ በመንሽ ያገላብጡታል።

ዝናብ ቢመጣስ ብዬ ታኒ ሊናን ጠየቅኳቸው።

«ዝናብ ከመጣ ሁሉም ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ ይሮጣል» አሉ። «ባለቤቱም፣ ሠራተኛውም፣ ቄሱም።»

አክስቴ እፍኝ ዘቢብ ተሰጥቷት ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቼ ሳያት እጇ ላይ ዘቢቡን እንደያዘች ተኝታለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትሸጥ እንጂ በቀን ስታርፍ አይቻት የማላውቅ ሴት ናት። አልቀሰቀስኳትም።

ከተማው እንከን የለውም ልል አልፈልግም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ውጭ መቆም ቅጣት ነው። በአንድ ምግብ ቤት አስተናጋጇ ሻሻችንን አይታ ሌላ ጠረጴዛ ጋ ረጅም ጊዜ ቆማ ነው የመጣችልን። ሐላል ሥጋ ስላላገኘን ሁለት ቀን ዓሣና ድንች በላን። ማታ ላይ ደግሞ ዝምታው ጆሮ ይወጋል። ይህንን ሁሉ አስቤ፣ አመዛዝኜ፣ ዓርብ ማታ ስተኛ መልሴን አውቄው ነበር።

ቅዳሜ፣ ሱቁ

የሙራድ ሱቅ ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ ፓባሌሎ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ስፓዛ የምንለው ዓይነት ነው፤ የሰው ቤት ፊት ለፊቱን ተከራይቶ፣ በፍርግርግ ብረት በኩል ዳቦ፣ ዘይት፣ ስኳርና የስልክ ካርድ የሚሸጥበት። ከጎኑ ብርድ ልብስና ቦርሳ የሚሰቅልበት ጠባብ ክፍል አለ። እሱ ስለሌለ ገብተን ብናይ ነውር የለውም ተብሎ ነበር።

ከባንኮኒው ኋላ ከድር የሚባል የአገራችን ልጅ ተቀብሎን ሁለት የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠን። ሙራድ እስኪመለስ የሚጠብቅለት ጓደኛው መስሎኝ ነበር። ጥግ ላይ የታሰረ አዲስ ፍራሽና ሦስት ሻንጣ አየሁ።

«ቤተሰብ ይዘህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አልኩት።

«ሚስቴ ከሩስተንበርግ በሚመጣው ሳምንት ትገባለች፣ ኢንሻአላህ። ነገ ርክክብ ነው አይደል? ከዙህር ሶላት በኋላ ወንድሜ ጀፕ ላይ፣ ሽማግሌ ፊት ከሙራድ ጋር ይጨርሱታል። ከዚያ ሱቁ የእኛ ነው።»

ፊቴን አይቶ ግራ ተጋባና ወደ አክስቴ ዞረ።

«ለአንቺ ብሎ ነው እኮ እህቴ» አለ። «የጆበርግ ልጅ በረሃ አትኖርም ብሎ ነው። አባትሽም ጀፕ አብረን እንሠራለን ብለውታል። አልነገሩሽም?»

አክስቴ መደርደሪያ ላይ ያሉትን የሰርዲን ጣሳዎች ትመለከት ነበር።

«አክስቴ» አልኳት፣ «ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ከተማውን አይቼ ልመልስ አላልኩም?»

«ብለሻል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት 'አልፈልግም' ብላ አትናገርም። 'ትምህርቴን ልጨርስ' ትላለች። 'ወንድሜ ከሳውዲ ይምጣ' ትላለች። እናትሽን ስንጠይቅ 'ዝናቡ ይለፍ' ነበር ያለችው፤ ለእናትሽ ዝናቡ አለፈና መጣች እንጂ የሚያልፍላቸው ጥቂት ናቸው። አንቺ 'ከተማውን ልይ' ስትይ ሁላችንም ገባን። ሰውየውን ትፈልጋለች፣ በረሃውን አትፈልግም አልን።»

«እኔ እኮ ከተማውን ልይ ያልኩት ከተማውን ለማየት ነው።»

አክስቴ ፊቷን አዙራ በደንብ አየችኝ። «አሁን ገባኝ» አለች።

«ታዲያ ሽፋን ከመሰላችሁ ለምን አመጣሽኝ?»

«ቃልሽ ነዋ። ሽማግሌ ፊት የተባለ ቃል ይፈጸማል።»

ተናድጄ ነበር፤ በአክስቴ ሳይሆን በአባቴ። ሱቁን ሽጥ ያለው እሱ መሆን አለበት። እኔ ከጆሃንስበርግ መውጫ በር ሳገኝ እሱ በሩን በሙራድ እጅ ዘግቶብኛል። ሙራድም ዝም ብሎ እሺ ብሏል፤ አምስት ዓመት የለፋበትን ነገር ጥሎ፣ ዛፉንም ወንዙንም ትቶ፣ እኔ ልለቀው የምመኘው ጀፕ ሊገባልኝ። እኔን ደስ ለማሰኘት ነው፣ አውቃለሁ። ይህን ማወቄ ንዴቴን ባያበርደውም ሰውየውን ይበልጥ ወደድኩት።

አክስቴን አባቴ ጋ እንድትደውል ለመንኳት። እምቢ አለች። መልስ በስልክ አይሰጥም፤ ቤት ይገባል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አባት ይጠይቃል፣ ልጅ ትመልሳለች። ለሰውየው በቀጥታ መንገርማ ጭራሽ አይታሰብም። እኛ ግን ቤት የምንገባው ነገ ወደ ማታ ነው። በዙህር ሰዓት፣ በቀትር፣ ገና ፍራይበርግ አካባቢ ነን።

ስልኬን አወጣሁ። ከድርን ከኋላው ልወጋው ስላልፈለግኩ እዚያው ፊቱ ደወልኩ። ሙራድ ሲያነሳ የጀፕ ጫጫታ ቀድሞት ገባ፤ የታክሲ ጥሩምባና አንድ ሰው ዋጋ ሲጣራ።

«ሱቁን አታስረክብ» አልኩት።



«ሰሚራ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ሱቅህ ውስጥ ነኝ። ሱቁን አታስረክብ።»

«አየሽው? ከተማውን?»

«አይቼዋለሁ። ፋርማሲውንም አይቻለሁ።»

 ድምፁ ዝቅ አለ። «አባትሽ አጠገቤ ናቸው።»

«እንግዲያው ለሳቸውም ንገራቸው።»

ስልኩን ዘጋሁት። አክስቴ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች፤ እየሳቀች ይሁን እየደነገጠች አልለየሁም። ከድር ፍራሹን አየ፣ ሻንጣዎቹን አየ። አንድ ደንበኛ መጥታ ዳቦ ጠየቀችው፣ ሰጣት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እሺ እህቴ። ፍራሹን ግን ዛሬ አላነሳም፤ ወገቤን ያመኛል» አለ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅርታ ሱቅ እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ሙራድ በኋላ በከይሙስ መንገድ ላይ ሌላ ሱቅ አፈላልጎለታል፣ ከዚህኛው ግን ያንሳል።

እሁድ፣ ቤት

የመመለሻው መንገድ ያው የመሄጃው ነው፣ ከቀይ አፈር ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ በቆሎ። አክስቴ ታኒ ሊና የሰጧትን ሁለት ኪሎ ዘቢብ ጭኗ ላይ አድርጋ መጣች። እስከ ጆሃንስበርግ ብዙም አላወራችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዴላሬቪል ላይ፣ «ያ ዛፍ ምን ዛፍ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

ሮዘተንቪል ስንደርስ ሐጂ ሱሌይማንና ሁለት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠዋል። ሙራድ ወግ ነውና የለም። አባቴ ለእንግዳ የሚለብሰውን ጃኬት ለብሷል። ሁሉም ሰው መልሴን ያውቃል፤ ከትናንት ጀምሮ ጀፕ ሙሉ ያውቀዋል። ሆኖም ሻይ ተቀዳ፣ የመንገዱ ደኅንነት ተጠየቀ፣ ሐጂም ጉሮሯቸውን ጠርገው አባቴን «እንግዲህ ልጅቷ አይታ ተመልሳለች፤ ጠይቃት» አሉት።

አባቴ ጠየቀኝ። «ሙራድን አገባለሁ፣ አፒንግተን እኖራለሁ» አልኩ። ሌላ ትርጉም የሚደበቅበት ጥግ የሌለው ቃል ፈልጌ ያገኘሁት ይሄንን ነው። ሐጂ የፋቲሓ ዱዓ አስደረጉ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት የምፈልገውን ስናገር ሁለት ጊዜ፣ በሁለተኛውም ቀስ ብዬ እንደምናገር ወስኛለሁ። ጉዞው ያስተማረኝ አንዱ ይህ ነው።

ሌላውን የተማርኩት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። አባቴ ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለ። እቆጣው ብዬ ከአፒንግተን ጀምሬ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበረኝ።

«ሦስት ቀን ሙሉ አብሮኝ ከፈተ፣ አብሮኝ ዘጋ» አለኝ። «ከባዱን ጥቅል አላስነሳኝም። ምሳ ሳልበላ አይበላም። የሰው ልጅ እንደዚያ አብሮኝ ሠርቶ አያውቅም።»

«ሱቁን እንዲሸጥ አንተ ነህ ያልከው?»

«እኔ ነኝ።» አልካደም። «አንዷን ድሬ ሁለት ልጅ የማገኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሁለታችሁንም ለበረሃ ሰጠሁ።»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ እጁን ያዝኩት፣ አለቀስኩም። መልሴን ግን አልቀየርኩም።